ቢጫው ከረጢት አይከፈትም

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ሚዛን ላይ ነኝ» እላለሁ። ወርቅ ወይ ስንዴ የምመዝን ይመስለዋል፤ ይምሰለው። እውነቱን ብነግረው እጄን አይጨብጠኝም። እኔ የምመዝነው ሰገራ ነው። አዎ፣ የሰው። ሰገራ ያልኩትም ለጨዋነት ነው፤ እናቴ ይህንንም ቃል ቤቷ ውስጥ መስማት አትፈልግም። እሷ «የተራራው ነገር» ነው የምትለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ በበጋ ለአራት ቀን ዙር ይከፈታል። ተጓዦች ድንኳናቸውንና ምግባቸውን አዝለው ከአንድ መሪ ጋር በምሥራቅ በኩል ይወጣሉ፣ በጫፉ ሥር ይዞራሉ፣ በላይኛው ሐይቅ አድርገው በምዕራብ ይወርዱና ወደ ተነሡበት በር ይመለሳሉ። ላይ ቤት የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ አፈር እንኳን የለም ማለት ይቻላል፤ ድንጋይ ብቻ ነው። የተጣለ ነገር አይበሰብስም። የሚቀልጠው በረዶ ሁሉን አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይከታል፤ የሐይቁ ውሃ ደግሞ በቧንቧ እኛ ቤት ይመጣል። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ ተጓዥ ሁሉ የራሱን በቢጫ ከረጢት አስሮ ይዞ ይወርዳል። በሩ ላይ እኔ እቀበላለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ በርሜል ውስጥ እጥላለሁ።

ክፍሌ በሩ አጠገብ ነው። ሲሚንቶ ወለል፣ መሐሉ ላይ የውሃ መውረጃ፣ የብረት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሚዛን፣ ጥግ ላይ አንድ ባልዲ ኖራ። ወደ ግቢው የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለኝ፤ ተመላሾቹ እዚያ ተሰልፈው ያቀብሉኛል። ከመስኮቱ በላይ አለቃችን በቀይ ቀለም «ቢጫው ከረጢት አይከፈትም» ብለው አስጽፈዋል። ለጤናዬ አስበው ነው። ጽሑፉን ያየ ሰው ግን እኔ ልከፍተው የቋመጥኩ ይመስለዋል፤ ኧረ ወይ ጉድ! ስምንት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን አምሮኝ አያውቅም። ከረጢቱን በሪባን አስሮ የሰጠኝ ሰው አለ። ሽቶ ያርከፈከፈበትም አለ፤ ሽቶና ያ ነገር ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። «ይቅርታ፣ ትንሽ ከብዷል» ብሎ የሳቀልኝም አለ፤ እሱን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ።

መሪዎቹ እኔን «ሚዛን» ይሉኛል። ወንድሜን ደግሞ «ሳሙና» ይሉታል። ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። እሱም መሪ ነው፣ ከመሪዎቹ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው ስለሚባል ነው ሳሙና ያሉት። የሌላው መሪ ተጓዥ ከረጢቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ፊቱን አጨማዶ ሲመጣ፣ የወንድሜ ተጓዦች እጃቸውን እያወዛወዙ ይገባሉ። የሁሉንም የሚሸከመው እሱ ነዋ! «ቆሻሻው ለእኔ፣ ተራራው ለእናንተ» ይላቸዋል። እናታችን ይህንን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ብቻዋን ነው ያሳደገችን፤ በዚህ ዓለም የምትኩራራበት ነገር ቢኖር ይኸው ልጇ ነው። እኔማ መዛኝ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት አለቃችን ጠሩኝና «ለአንድ ሰው ልኩ ስንት ነው? መንገድ ላይ ጥሎ የመጣውን በምን እንለየዋለን?» አሉኝ። ከማን ልውሰድ? ከንጹሑ ነዋ። የወንድሜን መዝገብ አገላብጬ፣ ደምሬ አካፍዬ፣ ለአንድ ሰው ለአራት ቀን አንድ ኪሎ ብዬ ሰጠኋቸው። ከዚያ በታች ያመጣ ጥሏል ማለት ነው። አለቃችን አድንቀው ፈረሙበት። እኔም በራሴ ኮራሁ።

በዚህ በጋ የቧንቧችን ውሃ ተመረመረና የሰው ሰገራ ተገኘበት። ጤና ጣቢያው ተቅማጥ በያዘው ሰው ሞላ። እናቴን እንኳ ሁለት ጊዜ ደግፌ ወስጃታለሁ። ውሃ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ ተባለ፣ ጥፋተኛው ይፈለግ ተባለ። ጥፋተኛው ደግሞ መዝገቤ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሬዲዮ።

ሬዲዮ የምንለው አፉን ከፍቶ የማያውቅ መሪ ነው፤ ስሙ የወጣለት ለቀልድ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ የእሱ ተጓዦች ከረጢት ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነበር። የሌሎቹ መሪዎች ልኩ ከወጣ ወዲህ እንደምንም ይሞላ ነበር፤ ከእሱ ግን አንድም ሰው ልኩን አልሞላም። ሪፖርት ጻፍኩበት፣ ፈቃዱ ታገደ። ለዘለቄታው ይሰረዝ እንደሆነ የሚወስን ኮሚቴ ለሐሙስ ከሰዓት ተቀጠረ። ሰውየው ከዚህ ተራራ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ አባቱም መሪ ነበሩ።

እንደታገደ መስኮቴ ጋ መጣ። ሰልፍ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመና «ሰው ተራራ ላይ ሆዱ ይደርቃል» አለኝ። ይኸው ነው፣ ክርክሩ በሙሉ።

«የሁሉም ሆድ? አንተን ያየ ሁሉ ነው እንዴ የሚደርቀው?» አልኩት፣ ሰልፈኛው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ሕፃናት የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ጥለህ መጥተህ ደግሞ ታወራለህ? ከረጢቱ ውስጥ ካለው አንተ ትብሳለህ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሱ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

አለቃችን ግን ጠንቃቃ ናቸው፤ «ማስረጃው ይጠናከር» አሉ። «ሰኞ ከወንድምሽ ቡድን ጋር ውጪ። ሬዲዮ የጣለውን ፎቶ አንሥተሽ ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ታቀርቢያለሽ።» ስምንት ዓመት የተራራውን ጉድ ስመዝን ኖሬ ተራራውን አንድ ቀን ወጥቼው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተነሣን። ከወንድሜና ከእኔ ሌላ ስድስት ተጓዦች ነበሩ፤ አንድ ጡረተኛ ዳኛ፣ አንዲት የጥርስ ሐኪም ከነባሏ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሦስት ጓደኛሞች። የመጀመሪያው ቀን ዳገት ብቻ ነው። ሻንጣው ትከሻዬን በላው፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዳኛው አንድ ቋጥኝ ላይ ቆመው «ነፍስ ይታደሳል!» አሉ። የእኔ ነፍስ ጉልበቴ ላይ ወርዳ ነበር።

ማታ ደግሞ እራት የሚሉት ነገር መጣ። ደረቅ ዱቄት በከረጢት አለ፤ ሙቅ ውሃ ይጨምሩበትና በእጃቸው ያሹታል፣ ከዚያ በማንኪያ እዚያው ከረጢት ውስጥ ይበላሉ። ከረጢት ውስጥ ሞቅ ብሎ የሚታሽ ነገር! ሥራ ላይ ያለሁ መሰለኝ። የሐኪሟ ባል ያላበው ካልሲውን የድስቱ ክዳን ላይ ዘርግቶ ያደርቃል። ሦስቱ ጓደኛሞች አንድ ማንኪያ እየላሱ ይቀባበላሉ። ሁሉም «እንዴት ደስ ይላል» ይላሉ። እኔ ብስኩቴን ይዤ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ወንድሜ ንግግሩን አደረገ። ሰማያዊ ጆንያውን አሳያቸውና «ከረጢታችሁን እዚህ ውስጥ፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ነው» አላቸው። አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ እውነቴን ነው፣ ሆዴ ባባ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ የተፈረካከሰ ድንጋይ ላይ ተንሸራተትን። ጥላው ውስጥ ያልቀለጠ በረዶ አለ፣ ፀሐዩ ላይ ደግሞ ቆዳ ይላጣል፣ ነፋሱ ቆሞ መናገር አያስችልም። እኔ ዓይኔን ከድንጋይ ሥር አልነቀልኩም፤ ሬዲዮ የጣለውን ፍለጋ። በሁለት ቀን አንድ ቁራጭ ወረቀት አላገኘሁም። ያገኘሁት የራሴን ችግር ነው፤ ሆዴ ድንጋይ ሆነ። አመሻሹ ላይ አፍሬ አፍሬ ሐኪሟን ጠጋ አልኳት።

«ዶክተር፣ ላስቸግርሽ። እኔ እኮ ከእሑድ ጀምሮ… ይገባሻል።»

ሳቋን ቋጥኙ አስተጋባው። «እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ እህቴ፣ በዚያኛው ጫፍ አልሠራም!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይዞሽ፣ እኔም ነኝ። ባሌም ነው። የምንጠጣው ውሃ ትንሽ ነው፣ ምግቡ ደረቅ ነው፣ ደግሞ በዚህ ነፋስ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ማን ይሆንለታል? ተራራ ላይ የተለመደ ነው።»

«የተለመደ ነው?»

«ሁሌም ነው። ሰው ቤቱ እስኪገባ ነው የሚጠብቀው።»

የሬዲዮ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ሰው ተራራ ላይ ሆዱ ይደርቃል። እንዲህ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ምን ያስገርማል? እንዲህ ከሆነ የወንድሜ አንድ አንድ ኪሎ ከየት ነው የሚመጣው? ሐሳቡን ገፋሁት። ወንድሜ ነዋ፣ ሳሙና ነዋ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ላይኛው ሐይቅ ደረስን። ከሩቅ ሰማያዊ ነው፣ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ከቅርብ ግን ዳር ዳሩን አረንጓዴ ልጋግ ይዞታል፣ ድንጋዩ ያሙለጨልጫል። ዳኛው ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ሲታጠቡበት አይቼ ዘገነነኝ።

ወንድሜ ድንኳን እየተከለ «ያንን ጆንያ አቀብዪኝ» አለኝ። አነሣሁት። ስምንት ዓመት የመዘነ እጅ አይሳሳትም፤ ከእኔ ጋር የሰባት ተጓዥ፣ የሦስት ቀን፣ ሦስት ኪሎ አይሞላም። ነገ ከሰዓት ግን መስኮቴ ላይ ሰባት ኪሎ ሆኖ ሊመጣ ነው። በአንድ ሌሊት አራት ኪሎ? ኧረ ሰው ነን፣ በሬ አይደለንም!

«እናንተ ዕረፉ፣ እኔ ውሃ ቀድቼ እመጣለሁ» አለ ወንድሜ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። ከዚያ ሐይቁን ትቶ ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ ወጣ። ውሃ ሽቅብ ይቀዳል እንዴ? ጥቂት ቆይቼ ተከተልኩት።

ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። የእኔን ክፍል የለመደ አፍንጫ ይህንን መቻል አቃተው። ከሽታው ቀጥሎ የዝንቡ ድምፅ መጣ። አንድ ቋጥኝ ዞርኩ። ገደሉ ተሰንጥቆ እንደ ጉድጓድ የሆነ ቦታ አለ፤ ስንጥቁ እስከ አፉ ቢጫ ነው። ከረጢት በከረጢት ላይ፣ የዘንድሮ፣ የአምና፣ የሌላው ዓመት፣ ያበጠ፣ የፈነዳ፣ ፀሐይ ያቆረፈደው፣ ዝንብ ያጠቆረው። ከሥሩ ቡናማ ውሃ በድንጋዩ ላይ ጭረት አውጥቶ እየተንጠባጠበ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ በጥቁር ቀለም ሰባት ቁጥር አለ። የየመሪው ከረጢት ቁጥር አለው፤ የወንድሜ ሰባት ነው፤ ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ መሐሉን ሰረዝ የማደርግበት በእጄ ጽሑፍ። ጎንበስ ብዬ ያለኝን ሁሉ አስመለስኩ።

ቀና ስል ወንድሜ አየኝ። ስንጥቁ አጠገብ፣ በረዶ ያራሰው ጭቃ ያለበት ቦታ ተቀምጦ፣ አዲስ ከረጢት ውስጥ ጭቃ በእጁ እየዛቀ ይሞላል። አጠገቡ የእጅ ሚዛን አለ፤ የምታንጠለጥላት ዓይነት። ሌባን እጅ ከፍንጅ መያዝ እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ጋሼ!»

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለኝ፣ እኔ እንዳጠፋሁ።

«ምንድነው ይኼ? ምንድነው ይኼ ጋሼ?»

«አትጩኺ፣ ሰው ይሰማል።» እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ነይ ተቀመጪ።»

«የት ላይ ልቀመጥ?»

ከዚያ ነገረኝ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ መሪ በሆነ የመጀመሪያው በጋ፣ የተጓዦቹን ተሸክሞ ሲወርድ ከረጢት ፈነዳበት። «በጀርባዬ ወረደ» አለኝ። «አንገቴ ሥር ገባ፣ ወገቤ ደረሰ። ስድስት ሰዓት እንደዚያ ሆኜ ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛ አልሸከምም ብዬ ማልኩ።»

እውነቱን ልናገር፤ ለአፍታ አሳዘነኝ። ወንድሜ ነው። «ታዲያ አልሸከምም አትልም? ሰው ሁሉ የራሱን ይሸከም የለ እንዴ?»

«እነሱ የሚመርጡኝ ስለምሸከምላቸው ነዋ!» አለ ተቆጥቶ። «በመጀመሪያ ጭቃው እንደነገሩ ነበር። አንቺ ‹ለሰው አንድ ኪሎ› ብለሽ ስታወጪ ነው ሚዛን የገዛሁት። ልኩን ያወጣሽው አንቺ፣ መጠባበቂያ ከረጢት የምትሰጪኝ አንቺ። አሁን ምን ያስደነግጥሻል?»

እውነቱን ነው። «የሰው ሆድ አይታመንም፣ ጨምሪልኝ» ሲለኝ በየዙሩ ሳልመዘግብ ሃያ ሃያ ከረጢት እሰጠው ነበር፤ ወንድሜ ነዋ። የጭቃ መዝገብ ደምሬ አካፍዬ ነው ለሰው ሆድ ልክ ያወጣሁት። በዚያ ልክ ነው ሬዲዮን የሰቀልኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

«ሬዲዮስ?» አልኩት።

«ሬዲዮ ምን ይሆናል? ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።» ጭቃውን አስሮ ሚዛኑ ላይ ሰቀለ፣ ትንሽ ቀነሰለት። «ፎቶ ማንሣት ነው የተላክሽው፣ አይደል? አንሺ። ራቅ ብለሽ አንሺ፣ ቁጥሩ እንዳይታይ። የሬዲዮ ነው በይ። ነገሩ ያልቃል። እኔም ቀስ እያልኩ አጸዳዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እማ የምትጠጣው ውሃ እኮ ነው።»

«እማ ይህንን ከሰማች ነው የምትሞተው። ውሃው አይገድላትም።»

ፎቶ አነሣሁ። ቀርቤ፣ ሰባት ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጌ አነሣሁ። ከዚያ ደግሞ ራቅ ብዬ አንድ አነሣሁ። አዎ፣ አነሣሁ። አፌን ሞልቼ የወንድሜን ቆሻሻ ስናገር የራሴን ልደብቅ? እሱ ያንን አይቶ ተስማማች ብሎ ፈገግ አለልኝ። በዚያ ጭቃ በነካ እጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ቆዳዬን አውልቄ መጣል አማረኝ።

ሐሙስ ቁልቁለቱን ስንወርድ ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። ዳኛው «ታመምሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሆዴ ነው አልኳቸው። ወንድሜ ፊት ፊት እየሄደ ያፏጫል፣ በጆንያው ሰባት ኪሎ ጭቃ ተሸክሞ፤ እነሱ «ጎበዝ፣ እንዴት ትችለዋለህ» ይሉታል። በየጠመዝማዛው እናቴ ትታየኛለች። ይህንን ስትሰማ ምን ትሆናለች? ቀጥሎ ደግሞ ሬዲዮ ባርኔጣውን ይዞ ይታየኛል። ከሁለቱ አንዱን መጉዳቴ አይቀርም፣ ይህንን አውቄዋለሁ። ስልኬ ውስጥ ሁለት ፎቶ አለ፤ የትኛውን እንደማሳይ እስከ በሩ ድረስ አላወቅኩም።

ኮሚቴው እኔው ክፍል ውስጥ ወንበር አስገብቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ አለቃችንና ከውሃ ቢሮ የመጡ ሁለት ሰዎች። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘዋል። ሬዲዮ ግድግዳው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጫማውን ቀለም አስቀብቶ፣ የፈቃድ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ጥፋተኛ ሳይሆን ሥራ ጠያቂ መስሎ። ተጓዦቻችን ከመስኮቱ ውጭ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሌላ ቡድንም ተሰልፏል።

ወንድሜ ከረጢቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ከልማዴ መዘንኳቸው። ሰባት ኪሎ ከትንሽ። «እንደ ወትሮው!» አሉ አለቃችን። ወንድሜ ወደ አግዳሚው ሄደ፣ ሬዲዮ አጠገብ ተቀመጠ፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሰው ይሳሳታል» አለው።

ያቺ አይዞህ ቆረጠችኝ። ስንጥቁ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ይልቅ ያቺ አይዞህ ሸተተችኝ። ገመድ የምቆርጥበትን መቀስ አነሣሁና የመጀመሪያውን ከረጢት ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት።

አለቃችን ከወንበራቸው ዘለው «አይከፈትም!» ብለው ጮኹ። የውሃ ቢሮ ሰዎች ወደ በሩ ሮጡ። ጠረጴዛው ላይ የወረደው ግን ጭቃ ነው። ንጹሕ ጭቃ፣ ጠጠርና የሣር ሥር ያለበት። ሁለተኛውን ቀደድኩ፤ ጭቃ። ሦስተኛውን፤ ጭቃ። በመስኮቱ አንገታቸውን ያስገቡት ዳኛ «ይኼ የእኔ አይደለም!» አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ስልኬን አውጥቼ ቀርቤ ያነሣሁትን ፎቶ አለቃችን ፊት አደረግኩ።

«ይኼ ከሐይቁ በላይ ነው» አልኩ። «የሬዲዮ አይደለም። የስምንት በጋ ከረጢት ነው፣ የሰባት ቁጥር ነው፣ የወንድሜ ነው። የሬዲዮ ግማሽ ኪሎ ነው እውነተኛው። ሰው ተራራ ላይ ሆዱ ይደርቃል።»

ወንድሜ ተነሥቶ ቆመ። ፊቱ ጠቁሯል። «መጠባበቂያ ከረጢቱን ማን ሰጠኝ? ልኩን ማን አወጣው? ንገሪያቸው!»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ከረጢቱን ሳልመዘግብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልኩንም ከጭቃው ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አለቃችን ጭቃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ያስጻፉትን አዩ። በመጨረሻ ብዕራቸውን አወጡና የወንድሜን ፈቃድ ሰረዙ፣ የሬዲዮን አጸኑ። እኔን ከሰኞ ጀምሮ ወደዚህ ክፍል እንዳልገባ አዘዙ። ወንድሜ ሳያየኝ ወጣ።

ሬዲዮ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ወደ እሱ ሄጄ «ይቅር በለኝ» አልኩት። በቀስታ ነው ያልኩት። እሱ ወደ መስኮቱ አየ።

«ስትሰድቢኝ ሰልፍ ነበር» አለኝ።

ትክክል ነው። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ለሰልፈኛው ሁሉ ተናገርኩ። «ይህ ሰው አልጣለም! የጣለው ወንድሜ ነው። እኔ በሐሰት ነው እዚህ መስኮት ላይ ያዋረድኩት።» ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። ሬዲዮ ራሱን ነቀነቀና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ይቅርታዬን ተቀበለ አልተቀበለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ወንድሜ ደውሎላት ነበር። እናቴ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«የእናትሽን ልጅ?» አለችኝ። «በሰው ፊት?»

«እማ፣ የማንንም ያልነካ ሰው ከሥራው ሊባረር ነበር።»

«ይባረራ! እኔ ነኝ የወለድኩት?»

«ውሃ ውስጥ እኮ ነው የጣለው እማ። አንቺ የምትጠጪው ውሃ ውስጥ። በምን ታመምሽና ነው ጤና ጣቢያ ያመላለስኩሽ? በእሱ ነው።»

ተነሣች። ሰኞ ከመውጣቴ በፊት አፍልቼ ያስቀመጥኩላትን ውሃ አልፋ ቧንቧውን ከፈተች። ብርጭቆ ሞላች። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ ጉሮሮዋ እየተንቀሳቀሰ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ይኸው ጠጣሁት» አለች። «የእሱን በእጄ እየጠረግኩ ነው ያሳደግኩት። ያኔ ያልተጸየፍኩትን ዛሬ ልጸየፈው?»

የእሱ ብቻ አይደለም፣ የስንቱ ነው ልላት ፈለግኩ። ስንጥቁ አፍ ላይ ቆሜ እንኳን እንዲህ አልተጸየፍኩም። እናቴን ተጸየፍኳት። ያቺን ከንፈሯን፣ ያንን እርጥብ እጇን፣ ያንን ፍቅሯን ተጸየፍኩት። እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ባይሰማኝም እመርጥ ነበር።

ቧንቧውን እንደገና ከፈተች። ያንኑ ብርጭቆ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው።

«የወንድምሽ እህት ከሆንሽ ጠጪ» አለችኝ።

ብርጭቆውን አነሣሁት። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄጄ ደፋሁት።